የሐረጎ ጥቁር ድንጋይ ስለ ማንትል ምን ይነግረናል? ከመዶሻ እስከ ግራፍ

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ስትወጡ መንገዱ የቆረጠው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ባሳልት ነው። ቤት የምንሠራበት፣ ግቢ የምናጥርበት፣ ኮብልስቶን አድርገን የምንረግጠው ድንጋይ ማለት ነው። የዚህ ደጋ ባሳልት ዋናው ክፍል 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ዕድሜ አለው። የመጣው ከእግራችን ሥር፣ ከቅርፊቱ በታች ካለው ማንትል ነው። እዚያ ቆፍሮ የደረሰ ሰው የለም። ሩሲያ ኮላ ላይ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ እንኳ 12 ኪሎ ሜትር ወርዶ ቆሟል፤ ቅርፊቱን ግማሽ አልሄደም።

ስለዚህ ድንጋዩን እንጠይቃለን። ይህ መመሪያ ለጂኦሎጂ ተማሪዎችና የመመረቂያ ጽሑፍ ለጨነቃቸው ነው፤ ነገሩ ለሚያጓጓው ሰውም ይሆናል። ከመጀመርያው አንድ ነገር ያዙልኝ። ድንጋዩ ከማንትል ተነስቶ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቁጥር እስኪሆን ድረስ ብዙ እጅ ነክቶታል። ቅርፊቱ ነክቶታል፣ ዝናቡ ነክቶታል፣ መፍጫ ማሽኑ ነክቶታል። ሥራችሁ የእያንዳንዱን እጅ አሻራ ለይቶ ማውጣት ነው። ይህን ሳያደርጉ ስለ ማንትል ማውራት ወሬ ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ብዙ ሰው ማንትልን የቀለጠ ባሕር አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። ጠጣር ነው። ግን በጣም ሞቃት ስለሆነ በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚለካ ጉዞ ይጓዛል። ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስለታል፤ ያኔ ከመቶው ጥቂቱ ይቀልጣል። ያ ጥቂት ነው ወጥቶ ባሳልት የሚሆነው።

አሁን ጀበናውን አስቡ። አቦል ወፍራም ነው፣ ቶና ይቀጥናል፣ በረካ ላይ ቀለሙም ይሳሳል። ዐለት ሲቀልጥም እንደዚሁ ነው። እንደ ላንታነም፣ ኒዮቢየምና ዩራኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ማዕድን ውስጥ መቀመጥ አይወዱም። ትንሽ ቅልጥ ሲገኝ ተሽቀዳድመው ይገቡበታል። ከማንትሉ 3 በመቶ ብቻ ከቀለጠ ቅልጡ በእነሱ የወፈረ አቦል ነው። 15 በመቶ ከቀለጠ ይቀጥናል። ቅልጡ የወጣለት ማንትል ደግሞ አተላ ሆኖ ይቀራል።

የቡናው ዓይነት ግን በውኃው ብዛት አይለወጥም። የሐረር ቡና ቢቀጥንም የሐረር ነው። ይህን የሚነግሩን አይሶቶፖች ናቸው፤ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች። እንግዲህ ሁለት ዓይነት መረጃ አለን ማለት ነው፤ አንዱ ስለ አፈላሉ፣ ሌላው ስለ ፍሬው።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

«የኢትዮጵያን ማንትል አጠናለሁ» ጥያቄ አይደለም። «ሐረጎ ላይ ያሉት የታችኞቹ ንብርብሮች ከላይኞቹ በቀለጡበት ጥልቀት ይለያሉ?» ጥያቄ ነው። ለሁለተኛው ከ10 እስከ 15 ናሙና ይበቃል። ለመጀመሪያው ዕድሜያችሁ አይበቃም።

2. ቦታ መረጣ

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር ርቀት ይህን ያህል ከፍታ የተቆረጠ ዐለት ማግኘት ለናሙና ሰብሳቢ ሠርግና ምላሽ ነው። በታክሲ ወርዳችሁ እየቆማችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ላቫ በላቫ ላይ ሲደረብ የታችኛው ይቀድማል፣ የላይኛው ይከተላል። ስለዚህ ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር ወደ ቅርብ ዘመን እየመጣሁ ነው ብዬ አሰብኩ። ሐረጎ ላይ ይህ አይሠራም። ይህ የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። መሬቱ በስብራቶች ተቆራርጦ አንዱ ቁራጭ ወርዷል፣ አንዱ ቀርቷል፣ አንዱ ዘሟል። የቦርከና ወንዝ በዶሮ መዝለያ በኩል ቁልቁል ወርዶ የሚገባበት የኮምቦልቻ ሜዳ ራሱ የወረደ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ያንኑ ንብርብር ሁለት የተለያየ ከፍታ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከፍታ ዕድሜ አይደለም። በአንድ ቁራጭ ውስጥ ቆዩ፤ ስብራት ስትሻገሩ ደብተራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ አዲስ ተራ ጀምሩ።

በንብርብሮች መካከል ቀይ የተቃጠለ አፈር ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ያ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል መሬቱ አርፎ አፈር እስኪሠራ ጊዜ እንዳገኘ ያሳያል። ከሱ በታችና በላይ አንዳንድ ናሙና ውሰዱ።

ነጣ ያለውን፣ በአመድ የተጋገረውን ዐለት ለዚህ ጥያቄ ተዉት። ደላንታ ወገል ጤና ላይ ኦፓሉ የሚገኘው እንዲህ ባለው ንብርብር ውስጥ ነው፤ ለኪስ ጥሩ ነው። ለማንትል ግን አይሆንም፤ ቅልጡ ቅርፊት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ስለተለወጠ የተነሳበትን ረስቷል። መንደር ውስጥ መዶሻ ይዛችሁ ስትታዩ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦፓል ነው ወይ?» መሆኑ አይቀርም። አስቀድማችሁ ለቀበሌው ንገሩ፣ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዱ፣ የሰበራችሁትን አሳዩ። ጥቁር ድንጋይ መሆኑን ሲያዩ ያዝኑላችኋል።

3. ድንጋዩን መስበር

የድንጋዩን ቡናማ ልጣጭ አትውሰዱ። ዝናብና ፀሐይ የበሉት ነው። በትልቁ መዶሻ አንዱን ጥግ ገንጥሉ፣ ከውስጥ የወጣውን አዲስ ገጽ እዩ። ጥሩ ባሳልት ሲሰበር ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ነው፤ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፤ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ተዉት።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ አስጠግታችሁ እዩት። የቢራ ጠርሙስ አረንጓዴ የሚመስሉ ፍሬዎች ኦሊቪን ናቸው። ጥቁርና አጭር፣ ገጻቸው የሚያብረቀርቅ ደግሞ ፓይሮክሲን። ኦሊቪኑ ዳር ዳሩ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀልቶ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ድንጋዩ ውስጥ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በነጭ ነገር ተሞልተው ካያችሁም ተጠንቀቁ። ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ነው። ለመለየት ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉ፤ ከፈላ ካልሳይት ነው። አሲድ ከሌለ ነጩን ፈጭታችሁ አቼቶ አፍስሱበት፣ ካልሳይት ከሆነ በዝግታም ቢሆን አረፋ ያወጣል። ሁለቱም በኋላ በሙቅ ውኃ የገቡ ስለሆኑ የማንትል ወሬ የላቸውም።

ከየቦታው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይበቃል። በወፍራም ፌስታል አድርጉ፣ ቁጥሩን ከውጭም ከውስጥም ጻፉ። ውስጥ የሚገባው ወረቀት በሌላ ትንሽ ፌስታል ይጠቅለል፤ እርጥብ ድንጋይ ቀለም ያጠፋል። ሂሊየም የማስለካት ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ ከካባ ጥልቅ ወይም ከአዲስ የመንገድ ቁራጭ ውሰዱ። ከሰማይ የሚመጣ የጠፈር ጨረር በደጋ ላይ ለዘመናት የተጋለጠ ዐለት ውስጥ አዲስ ሂሊየም-3 ይሠራል። ያን ይዛችሁ «የማንትል ምልክት አገኘሁ» ብትሉ ሳቅ ነው።

4. ጠረጴዛው ላይ

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ብዙ ጥናትም የሚበላሸው እዚሁ ነው። ናሙናውን የጥፍር መጠን እስኪሆን ሰባብሩት። ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ እንደ ምስር ልቀሙት። ነጭ ያለበትን ጣሉ፣ የዛገውን ጣሉ፣ የመዶሻ ብረት ጭረት ያለበትንም ጣሉ። 200 ግራም ንጹሕ ስባሪ ካገኛችሁ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ።

ከዚያ መፍጨት። የመጀመሪያ ናሙናዎቼን በተንግስተን ካርባይድ ማሽን አስፈጨሁ፤ ጠንካራና ፈጣን ስለሆነ ብቻ። ውጤቱ ሲመጣ ኮባልቱ ሰማይ ነክቷል፣ ታንታለሙም አብዷል። ለሁለት ቀን «አዲስ ነገር አገኘሁ» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ያገኘሁት የማሽኑን ብረት ነበር። የምትፈልጉት አነስተኛ ንጥረ ነገሮችን ከሆነ በአጌት (ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ ነው) ይፈጭላችሁ። ቀስ ይላል፣ የሚጨምረው ግን ጥቂት ሲሊካ ብቻ ነው። በሁለት ናሙና መካከል ንጹሕ አሸዋ ፈጭቶ መጣልም ግዴታ ነው።

5. ላብራቶሪ

ለዋና ዋናዎቹ ኦክሳይዶች ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ)፣ ለአነስተኞቹ አይሲፒ ኤምኤስ (አቶሞችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ)። ከናሙናዎቻችሁ ጋር ስብጥሩ የታወቀ መመሳከሪያ ዱቄት አብሮ እንዲለካ ጠይቁ፤ አንዱንም ናሙና በሌላ ስም ሁለቴ ላኩ። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ያኔ ታውቃላችሁ። ናሙና ወደ ውጭ አገር ከሄደ የማዕድን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ገንዘብ ከሌለስ? ጂኦሮክ የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት አለ። በዓለም ላይ የታተሙ የእሳተ ገሞራ ዐለት ትንታኔዎች ተሰብስበውበታል፤ የኢትዮጵያም ብዙ አለ። አውርዳችሁ በኤክሴል ከፍታችሁ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ መሥራት ትችላላችሁ። በኔ እምነት ማንኛውም ተማሪ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ሳምንት እዚያ ላይ ቢያጠፋ ይሻላል።

6. ቁጥሮቹን ማበጠር

መጀመሪያ ድምሩን እዩ። ኦክሳይዶቹ ተደምረው ከ98.5 እስከ 101 በመቶ ውስጥ ካልሆኑ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ከዚያ ናሙናው ሲቃጠል ያጣው ክብደት፤ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ውኃ የበላው ድንጋይ ነው፣ ወደ ጎን አድርጉት።

ቀጥሎ የማግኒዚየም ቁጥር። አንድ ናሙና 9 በመቶ ማግኒዚየም ኦክሳይድና 11 በመቶ የብረት ኦክሳይድ አለው እንበል። እያንዳንዱን ለሞለኪውል ክብደቱ እናካፍል፤ 9ን ለ40.3 ስናካፍል 0.223፣ 11ን ለ71.85 ስናካፍል 0.153 ይመጣል። 0.223ን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ፤ 0.59 ነው። ከማንትል ኦሊቪን ጋር ተስማምቶ የወጣ ቅልጥ ግን 0.70 አካባቢ ነው። ስለዚህ ይህ ቅልጥ በመንገድ ላይ ኦሊቪን ጥሎ መጥቷል። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ብዙው እንዲህ ነው። ግን ከ0.70 ጋር አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ማወዳደር አትችሉም።

አሁን ቅርፊቱ። አገራችን ወፍራም የአህጉር ቅርፊት ላይ ናት፤ ቅልጡ ሲያልፍ ግድግዳውን ይልሳል። ለዚህ የምወደው ፈተና ኒዮቢየም ሲካፈል ለዩራኒየም ነው። ከውቅያኖስ ማንትል በሚመጡ ባሳልቶች ይህ ቁጥር 47 አካባቢ ሆኖ 10 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይላል፤ በአህጉር ቅርፊት ግን ከ10 ብዙም አያልፍም። ናሙናችሁ ኒዮቢየም 28፣ ዩራኒየም 0.6 ካለው 46.7 ይመጣል፤ ጥሩ ነው። ኒዮቢየም 14፣ ዩራኒየም 1.2 ካለው 11.7 ነው፤ ቅርፊት በልቷል። አይሶቶፕ ብቻውን እዚህ ሊሸውዳችሁ ይችላል። ከሥራችን ያለው ቅርፊት ሰፊው ክፍል በምድር ዕድሜ ሲታይ ገና ወጣት ስለሆነ የስትሮንቲየሙ ልዩነት (ክፍል 9 ላይ እናየዋለን) ያን ያህል አይጮኽም።

7. ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ቀለጠ?

ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች በማንትል ውስጥ ጋርኔት የሚባል ማዕድን አለ። ጋርኔት ኢተርቢየምን እንደ ስስታም ይይዛል፣ ተርቢየምን ግን ያን ያህል አይጨክንበትም። ስለዚህ ጋርኔት ባለበት የቀለጠ ባሳልት ከተርቢየሙ ጋር ሲነጻጸር ኢተርቢየሙ ያንሳል። ተርቢየም 1.0፣ ኢተርቢየም 2.0 ከሆነ፣ ሁለቱን በሜትዮራይት ልክ አስተካክሉ፤ ማለትም ሜትዮራይት ውስጥ ላለው መጠን አካፍሉ። 1.0 ሲካፈል ለ0.0374 ወደ 26.7 ይመጣል፤ 2.0 ሲካፈል ለ0.170 ደግሞ 11.8። የሁለቱ ንጽጽር 2.27 ነው። ተመራማሪዎች 1.8ን እንደ ድንበር ይጠቀሙበታል፤ ከዚያ በላይ ጋርኔት ነበር፣ ከዚያ በታች ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። ድንበሩ አጥር አይደለም፤ 1.75 ያመጣ ናሙና ላይ አትጣሉ።

8. ሙቀት

የጣለውን ኦሊቪን በስሌት ትንሽ በትንሹ እየመለሳችሁ፣ ከማንትል ጋር የሚስማማበት ላይ ትቆማላችሁ። ያኔ የማግኒዚየሙ መጠን ሙቀቱን ይናገራል። ፕራይሜልት የሚባለው የኤክሴል ስሌት ይህን ይሠራል። ፓይሮክሲን ጭምር የጣለ ቅልጥ ካስገባችሁ ግን ውሸት ይሰጣችኋል። በአፋርና በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ መንገድ የተገኘው ሙቀት ከተለመደው ማንትል ከ100 ዲግሪ በላይ የሚበልጥበት ቦታ አለ።

9. ፍሬው ከየት ነው?

ሩቢዲየም-87 በጊዜ ብዛት ስትሮንቲየም-87 ይሆናል፤ ግማሹ ለመለወጥ 49 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን ብዙ ሩቢዲየም ይዞ የኖረ ምንጭ ስትሮንቲየሙ ከፍ ይላል። አሲድ አጥቦ መለካት፣ ከዚያ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት መመለስ ነው። የሩቢዲየምና የስትሮንቲየም ንጽጽር 0.05 ለሆነ ባሳልት ማስተካከያው 0.00006 ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን አትዝለሏት።

ሂሊየም ግን የብቻው ጉዳይ ነው። ሂሊየም-3 ምድር ስትፈጠር የታሰረ ጋዝ ነው፤ ሂሊየም-4ን ደግሞ ዩራኒየምና ቶሪየም በየጊዜው ያመርቱታል። የውቅያኖስ ወለል ባሳልት ውስጥ የሁለቱ ንጽጽር ከአየር 8 እጥፍ ያህል ነው። ከኛ ደጋ ጎርፍ ባሳልት (እንደ ጎርፍ ሰፊ አገር የሸፈነው ላቫ) ማዕድናት ውስጥ የተለካው ግን እስከ 19 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቁጥር ከቅርፊትም ከላይኛው ማንትልም አይመጣም፤ ከጥልቅ የተነሳ ነገር አለ ማለት ነው።

10. ከነጥብ ወደ ጉዞ

አንድ ድንጋይ እንቅስቃሴ አያሳይም። አንድ ድንጋይ ፎቶ ነው። ጉዞውን የምታዩት ፎቶዎቹን በቦታና በጊዜ ስትደረድሩ ነው።

በቦታ ምሳሌ እንውሰድ። የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪው ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 የደጋውን ባሳልት በታይታኒየም ከፍለውታል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ታይታኒየሙ ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላሊበላ በኩል ስትመጡ ከፍ ይላል። ደሴ ከፍተኛው ባለበት በምሥራቁ ጠርዝ ላይ ናት። አቦሉን አስታውሱ። ታይታኒየም የበዛበት ቅልጥ በጥልቀት ከሞቃቱ ማንትል ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለው ለውጥ ከጥልቅ የሚወጣውን የሞቃት ማንትል ዓምድ መሐል ከዳሩ ለመለየት ጠቅሟል።

በጊዜ ደግሞ ወደ አፋር ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ2025 በኤማ ዋትስ የተመራ ቡድን ከአፋርና ከዋናው ስምጥ ሸለቆ ከ130 በላይ ዐለቶችን አመሳክሮ፣ ከታች የሚወጣው ማንትል ወጥ እንዳልሆነና እንደ ልብ ምት በየተራ እንደሚገፋ አሳይቷል። ተደጋጋሚ የኬሚስትሪ መስመሮቹ አፋር ላይ በሚገናኙት ሦስት የስምጥ ክንዶች እኩል አይራራቁም። የቀይ ባሕሩ ክንድ በዓመት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ይከፈታል፣ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ 5 ገደማ። ፈጥኖ በሚከፈተው በኩል ምቱ በቀላሉ ያልፋል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ከላይ ያለው ሳህን (ጠንካራው የምድር የላይኛው ንጣፍ) ከታች ያለውን እንደሚመራ ያሳያልና።

የሐረጎን ናሙና ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ግራፍ ላይ አትቀላቅሉ። የእነሱ ወጣት ነው፣ የናንተ 30 ሚሊዮን ዓመት። ካርታውንም አስቡበት። የአፍሪካ ሳህን በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። በዚሁ ፍጥነት ቢሰላ በ30 ሚሊዮን ዓመት 600 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎ ድንጋዩ ሲወጣ የነበረችበት ቦታ ዛሬ ያለችበት አይደለም። ዛሬ ከሥራችን ምን እንዳለ ለማወቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ይሻላል፤ ኬሚስትሪው የሚናገረው ስለ ትናንት ነው።

ከ12 ናሙና 8ቱ ማጣራቱን አለፉ እንበል። የተርቢየምና የኢተርቢየም ንጽጽራቸው ከታች 2.3፣ ከላይ 1.9 ነው። ያኔ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «በዚህ አንድ ቁራጭ ውስጥ፣ ከታች ወደ ላይ፣ መቅለጡ የተካሄደበት አማካይ ጥልቀት የቀነሰ ይመስላል።» በዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ ሌላ ትርጉም ጨምሩ፤ የቀለጠው መጠን ቢጨምርም ቁጥሩ ይወርዳል። ላንታነሙም አብሮ ከቀጠነ ሁለቱንም ተወያዩበት። «የማንትል ዓምድ ከደሴ ሥር ወጣ» የሚለውን ግን ሰርዙት። የቀረውን ግማሽ ድንጋይ አትጣሉ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። መጥቶ ሂሊየም ልለካ የሚል ሰው ከዚያ ነው የሚጀምረው።